ኢትዮጵያውያንን ያልቆጠረ ሒሳብ፦ የኩላሊት ምርመራና የቆዳ ቀለም

ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ በአሜሪካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተራ ለሚጠብቁ ሕሙማን አንድ ያልተለመደ ደብዳቤ ይደርሳቸው ጀመር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው፦ የጥቁር ሕሙማን የኩላሊት አቅም ሲሰላ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ይገባበት ነበር፤ በዚህ ምክንያት ወደ ተራው መዝገብ ዘግይቶ የገባ ሰው ካለ የጠበቀበት ጊዜ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይታረምለታል። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ከ14 ሺሕ በላይ ሰዎች ተራቸው ተስተካከለ። በአሜሪካ ቅጾች ላይ «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን በቀር ምልክት የሚያደርግበት ቦታ የሌለው ኢትዮጵያዊም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም።

ወሬው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ሐኪሞች ሆን ብለው ጥቁሮችን ሲበድሉ ኖረዋል ይላል። ሌላው ፖለቲካ ሳይንሱን ጠመዘዘው ባይ ነው። ሁለቱም ለአፍ ይቀላሉ፤ የነገሩ አመጣጥ ግን አንዳቸውም እንደሚሉት አይደለም። «ጥቁር» የሚለው ቃል በኩላሊት ሕክምና ውስጥ የማይገናኙ ሁለት ጥያቄዎችን ሲሸከም ቆይቷል፤ አንደኛው የጡንቻ፣ ሁለተኛው የዘረ መል ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያውያን ደግሞ በሁለቱም በኩል ሳጥኑ የማይበቃቸው ሕዝብ ሆነው ተገኝተዋል።

አንድ የቃል ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች «ዘር» ሲባል በአገራችን ፖለቲካ የለመድነው የብሔር ትርጉም አይደለም፤ ሰውን በቆዳ ቀለም የሚመድበው የአሜሪካ አሠራር ነው።

የኩላሊት አቅም በምን ይታወቃል?

አንድ ጤናማ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም አጥልለው ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሰው ወደ ደም ያስገባሉ፤ በሽንት የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ማጣሪያዎቹ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያጠልሉ ነው። በወጣትና ጤነኛ ሰው ይህ ቁጥር ከ100 ያልራቀ ሲሆን ከ60 በታች ወርዶ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። ከ15 በታች ሲደርስ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ የሚታሰብበት ደረጃ ነው።

ችግሩ ይህን በቀጥታ መለካት አድካሚ መሆኑ ላይ ነው። እንደ ኢዮሄክሶል ያለ ኩላሊት ብቻ የሚያስወግደው ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ፣ ለሰዓታት ደም እየተቀዳ በምን ፍጥነት እንደሚጠፋ መከታተል ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ይህን ማድረግ ስለማይቻል ሐኪሞች በአቋራጭ ይሄዳሉ፤ በደም ውስጥ ያለውን ክሬቲኒን ይለካሉ።

ክሬቲኒን ጡንቻ በየዕለቱ ሥራውን ሲሠራ የሚተርፍ ቆሻሻ ነው። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሆኖም መጠኑ በኩላሊት ብቻ አይወሰንም፤ ብዙ ጡንቻ ያለው ሰው ብዙ ያመርታል፣ የከሳ ሰው ጥቂት ያመርታል። ምግብም ያዛባዋል። በሥጋ ውስጥ ያለው ክሬቲን በእሳት ሲበስል ወደ ክሬቲኒን ስለሚለወጥ፣ ከጾም ፍቺ ማግስት ጥብስ በልቶ የተመረመረና በሁዳዴ አጋማሽ የተመረመረ አንድ ሰው ኩላሊቱ ሳይለወጥ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ሊያይ ይችላል።

ስለዚህ የክሬቲኒኑ ቁጥር እንዳለ አይነበብም። ዕድሜና ጾታ ተጨምረውበት በቀመር ውስጥ ያልፍና «የተገመተ የማጣራት አቅም» ሆኖ ይወጣል። «የተገመተ» የሚለው ቃል በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ትንሽ ቦታ ቢይዝም የክርክሩ ሁሉ ሥር እርሱ ነው።

ማባዣው ከየት መጣ?

በ1999 በአሜሪካ የታተመ አንድ ቀመር ከ1,628 ሕሙማን መረጃ የተቀመረ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ጥቁሮቹ 12 በመቶ ገደማ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የማጣራት አቅማቸው በቀጥታ ተለክቶ እኩል ሆኖ የተገኙ ጥቁርና ነጭ ሕሙማንን ሲያነጻጽሩ፣ የጥቁሮቹ ክሬቲኒን በአማካይ ከፍ ብሎ አገኙት። ቀመሩን ለማቃናት ሲሉ «ሕመምተኛው ጥቁር ከሆነ በ1.18 ይባዛ» የሚል ሐረግ ጨመሩበት። በ2009 የመጣው የተሻሻለ ቀመር ማባዣውን ወደ 1.159 ዝቅ አደረገው እንጂ አላስወጣውም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ልዩነቱ በመረጃው ውስጥ ነበረ፤ ማንም ከኪሱ አውጥቶ አልጨመረውም። ስሕተቱ ልዩነቱን ለማብራራት በተሄደበት መንገድ ላይ ነው። ጥቁሮች ብዙ ጡንቻ ስላላቸው ነው የሚለው ማብራሪያ በደካማ ማስረጃ ላይ ቆሞ፣ ከጥቂት የአሜሪካ ከተሞች የተገኘ አማካይ ለዓለም ጥቁር ሁሉ የሚሠራ የተፈጥሮ ሕግ ተደርጎ ተወሰደ። የጃማይካ ሯጭ፣ የሚኒሶታ ሶማሌ አዛውንትና የዋሽንግተን ኢትዮጵያዊት ነርስ በአንድ ማባዣ ተባዙ። ሰዎቹ አንድ የሆኑት በቅጹ ላይ ብቻ ነበር። እናቱ ነጭ፣ አባቱ ጥቁር የሆነ ሰው በምን እንደሚባዛ ደግሞ ቀመሩ ራሱ መልስ አልነበረውም።

19 ወይስ 22?

ማባዣው በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ማየት ይሻላል። ዕድሜው 50 የሆነ፣ ክሬቲኒኑ በዴሲ ሊትር 3.5 ሚሊ ግራም የደረሰ ወንድ እንውሰድ። በ2009ኙ ቀመር «ጥቁር» ተብሎ ካልተመዘገበ የማጣራት አቅሙ 19 ይሆናል። «ጥቁር» ከተባለ 22 ይሆናል። በአሜሪካ የንቅለ ተከላ ደንብ ደግሞ የንቅለ ተከላ ተራ መቆጠር የሚጀምረው ቁጥሩ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ውጤት ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ተራ ይይዛል፣ ሌላው ኩላሊቱ የበለጠ እስኪደክም ይጠብቃል። የተራው ርዝመት በዓመታት በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ኩላሊት ሙሉ በሙሉ የመድከሙ ዕድል ከነጮች ሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ሲታከልበት ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠው ሕዝብ በቀመር ጤነኛ መስሎ የሚታየው ሕዝብ ሆኖ ቆየ።

በ2017 በቦስተን የሚገኘው ቤተ እስራኤል ዲያኮነስ ሆስፒታል ማባዣውን ከላቦራቶሪው አስወጣ። ብዙዎች ግን የተከተሉት በ2020 በአሜሪካ የዘር ጥያቄ ከገነፈለ በኋላ ነው። በመስከረም 2021 የአገሪቱ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበርና ብሔራዊ የኩላሊት ተቋም በጋራ ያቋቋሙት ግብረ ኃይል፣ ዘርን የማይጠይቅ አዲስ ቀመር ሥራ ላይ እንዲውል መከረ። በብሪታንያም የሕክምና መመሪያ አውጪው አካል በዚያው ዓመት በዘር ማባዛትን ከመመሪያው አነሣ።

ማባዣው መውጣቱ ያላስደሰታቸው ምን ይላሉ?

ተቃዋሚዎቹን በሙሉ በዘረኝነት መክሰስ ስንፍና ነው፤ ሊሰማ የሚገባው ክርክር አላቸው። የኩላሊት ቁጥር ለንቅለ ተከላ ተራ ብቻ አያገለግልም። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን ቁጥሩ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል። የአንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች መጠን በዚሁ ቁጥር ይወሰናል። ለወንድሙ ኩላሊት ልለግስ የሚል ሰውም በዚሁ ይመዘናል። ቁጥሩ ከእውነታው በታች ከወረደ ጥቁሩ ሕመምተኛ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ሊከለከል፣ ለጋሹም ያለ በቂ ምክንያት ሊመለስ ይችላል።

አዲሱ ቀመርም ከአድልዎ የጸዳ አይደለም። ራሳቸው ተመራማሪዎቹ እንዳሳተሙት፣ ክሬቲኒንን ብቻ የሚጠቀመው የ2021 ቀመር የጥቁሮችን አቅም ወደ 4 ሚሊ ሊትር በሚጠጋ መጠን ዝቅ አድርጎ፣ የሌሎችን ደግሞ በተመሳሳይ መጠን ከፍ አድርጎ ይገምታል። ስሕተቱ በሁለቱ መካከል ተከፈለ እንጂ አልጠፋም። ከላይ የጠቀስነው የ50 ዓመት ሰው በአዲሱ ቀመር 20 ገደማ ያገኛል፤ በ19 እና በ22 መካከል መሆኑ ነው። የአውሮፓ የኩላሊት ሊቃውንት ብዙዎቹ አዲሱን የአሜሪካ ቀመር ያልተቀበሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ በነጭ ሕሙማን ላይ ውጤቱን ያበላሽብናል ባዮች ናቸው።

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚሻለው መውጫ ከቀመሩ ውጭ ያለው ነው። ሲስታቲን ሲ የሚባል ፕሮቲን አለ። አስኳል ያላቸው የሰውነት ሕዋሳት ሁሉ ስለሚያመርቱት የጡንቻ ብዛት ብዙም አያዛባውም። ከክሬቲኒን ጋር ተጣምሮ ሲሰላ በጥቁሮችና በሌሎች መካከል የነበረው የግምት ልዩነት በጣም ይጠባል። እርሱም ነቀፌታ አያጣም፤ ሲጋራ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመምና ስቴሮይድ መድኃኒቶች ያዛቡታል፤ ዋጋውም ከክሬቲኒን ይበልጣል። ቢሆንም የሰውን ቆዳ አይቶ ጡንቻውን ከመገመት ይልቅ ሌላ ነገር ከደሙ መለካት ይቀላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ዘረ መል

ማባዣው ስለ መለኪያው ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ለምን በኩላሊት በሽታ ይበልጥ ይታመማሉ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ድህነት፣ ያልታከመ ደም ግፊትና ከሐኪም ርቆ መኖር ትልቁን ክፍል ያብራራሉ። አንድ የሚተርፍ ነገር ግን ነበረ።

በ2008 ተመራማሪዎች በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ አንድ ተጠርጣሪ ዘረ መል አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ጥፋተኛው ከጎኑ ያለው ሌላ ዘረ መል ሆኖ ተገኘ። አፖ-ኤል-1 የሚባለው ይህ ዘረ መል የሚሠራው ፕሮቲን በደም ውስጥ እየዞረ ትሪፓኖሶማ የተባሉ ተሕዋስያንን ይገድላል። ተሕዋስያኑ በቆላ ዝንብ የሚተላለፉ ናቸው፤ በከብት ላይ ሲደርሱ አርሶ አደሩ ገንዲ የሚለውን በሽታ፣ በሰው ላይ ደግሞ የእንቅልፍ በሽታን ያመጣሉ። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከመደበኛው ፕሮቲን የሚያመልጡበትን ዘዴ ሲያገኙ፣ በሰው በኩል ጂ-1 እና ጂ-2 የተባሉ አዳዲስ የዘረ መሉ መልኮች ተስፋፉ። ከሁለቱ አንዱን በአንድ ቅጂ የያዘ ሰው ከእንቅልፍ በሽታ የተሻለ መከላከያ አለው። ከእናትም ከአባትም ወርሶ ሁለት ቅጂ የያዘ ግን ለኩላሊት በሽታ ይጋለጣል።

ሁለት ቅጂ የያዙ ሰዎች አብዛኞቹ ኩላሊታቸው ሳይታመም ይኖራሉ። እንደ ያልታከመ ኤችአይቪ ያለ ሌላ ጠንቅ ሲጨመርበት ግን አደጋው በብዙ እጥፍ ያድጋል። ከጥቁር አሜሪካውያን 13 በመቶ ያህሉ ሁለት ቅጂ አላቸው። ቅድመ አያቶቻቸው በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በግፍ የተጋዙ ስለሆኑ ይህ አይገርምም።

የኢትዮጵያውያን ነገር

ኤችአይቪ በተስፋፋባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የኒው ዮርክና የማያሚ ሐኪሞች ቫይረሱ ባለባቸው ጥቁር ሕሙማን ላይ ኩላሊትን በፍጥነት የሚያወድም በሽታ አይተው በ1984 መዘገቡ። ጥቁርነት ራሱ እንደ መንስኤ መቆጠር ጀመረ። በእስራኤል ያሉ ሐኪሞች ግን ቫይረሱ ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ይህን በሽታ ሲጠብቁ አጡት። በአሜሪካ ቅጽ ከሄድን እነዚህም ጥቁሮች ናቸው፤ ኩላሊታቸው ግን ቅጹ እንደሚለው አልሆነም።

ማብራሪያው የመጣው አፖ-ኤል-1 ሲታወቅ ነው። በሃይፋ ይሠራ የነበረው የካርል ስኮሬኪ የምርምር ቡድን የተሳተፈበትና በ2011 የታተመው ጥናት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መርምሮ ጂ-1ንም ጂ-2ንም አላገኘባቸውም። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ዘንድ የጂ-1 ድርሻ ወደ 40 በመቶ ሲጠጋ፣ በአፍሪካ ቀንድ በተመረመሩት ላይ አልታየም። በ2008 የተጠረጠረው ዘረ መል ጥፋተኛ እንዳልሆነ ለማሳየት የኢትዮጵያውያን መረጃ አንዱ ምስክር ሆኖ አገልግሏል። የእኛ ሰዎች በዓለም የሕክምና ሳይንስ ውስጥ እንዲህ ወሳኝ ምስክር ሆነው የሚጠሩበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም፤ ያገራችን ጋዜጦች ግን ብዙም አላወሩለትም።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ነው። በአሜሪካ የሟች ለጋሽ ኩላሊት ጥራት ሲመዘን ለጋሹ ጥቁር ከሆነ ነጥቡ ዝቅ ይደረግበት ነበር። ከአትላንታ ኢትዮጵያዊ ሟች የተገኘ ኩላሊት፣ ያ አደገኛ ዘረ መል እንዳለበት ተገምቶ ባልሠራው ጥፋት ይቀጣ ነበር ማለት ነው። በ2024 ዘር ከዚህ ምዘና ወጥቷል። አደጋው በደም ምርመራ በቀጥታ ሊታወቅ በሚችልበት ዘመን በቆዳ መገመቱ የሚያስፈልግ አይደለም። ለአፖ-ኤል-1 በሽታ ብቻ የተሠራ ኢናክሳፕሊን የተባለ መድኃኒትም በሙከራ ላይ ይገኛል። በ2023 የታተመው የሁለተኛ ደረጃ ሙከራ ውጤት በጥቂት ሕሙማን ላይ በ13 ሳምንት ውስጥ በሽንት የሚፈስሰውን ፕሮቲን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ይህ መድኃኒት የሚጠቅመው ሁለት ቅጂ ላለው ሰው ነው፤ «ለጥቁሮች የተሠራ መድኃኒት» እየተባለ ሲወራ መስማት የተለመደውን ስሕተት መድገም ነው።

ጥንቃቄ ግን ይገባል። የተመረመሩት የኢትዮጵያ ሕዝቦች ጥቂቶች ናቸው፤ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ቆላማ ድንበሮች የሚኖሩትን ሕዝቦች ሁሉ በእነርሱ መመዘን አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ዘረ መል አለመኖሩ ከኩላሊት በሽታ ነጻ አያወጣም። የአገራችን ሰው ኩላሊት የሚታመመው በስኳር፣ በደም ግፊት፣ በኢንፌክሽን፣ በሽንት መተላለፊያ መዘጋትና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ በሚወሰድ የሕመም ማስታገሻ ነው። እነዚህ አፖ-ኤል-1ን አይጠይቁም።

አገር ቤት የሚደረገው ስሌት

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ቀመሩ የሚሠራበት ሁኔታ ከአሜሪካ ይለያል፤ ጭንቀቱም በተቃራኒው በኩል ነው። ተጎድቶ ጡንቻው የሳሳ ሰው ክሬቲኒኑ ዝቅተኛ ስለሚሆን ኩላሊቱ እየደከመ ሳለ ወረቀቱ ደህና ነህ ሊለው ይችላል። ይህ ስጋት በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በልኬት ተረጋግጧል። በማላዊ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከ2,500 በላይ ሰዎች የማጣራት አቅማቸው በኢዮሄክሶል በቀጥታ ተለክቶ በ2022 በወጣው ጥናት፣ በክሬቲኒን የሚሠሩት ቀመሮች የኩላሊትን አቅም ከእውነታው በላይ እንደሚገምቱ ታይቷል። የኩላሊት ድካም ያለባቸው ሰዎች ቁጥር እስከ ዛሬ ከተገመተው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሊሆን እንደሚችልም ተመራማሪዎቹ ጽፈዋል። በዚህ ላይ የአሜሪካው ማባዣ ሲጨመር ስሕተቱ ይባባሳል እንጂ አይታረምም።

በአገራችን ይህ ዋጋው ውድ ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2015 ነው፤ የሚለግሱትም በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ የሚገባው ሕመምተኛ በገንዘብ እጦት ሁለት ወይም አንድ ጊዜ ብቻ የሚታጠብበት ሁኔታ የታወቀ ነው። በማኅበራዊ መገናኛ የምናያቸው የእርዳታ ጥሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በሽታው መጨረሻው ላይ ከደረሰ በኋላ የሚሰሙ ናቸው። ቀድሞ ለማወቅ ደግሞ የግድ ሲስታቲን ሲ እስኪረክስ መጠበቅ አያሻም፤ በሽንት ውስጥ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን መኖሩን የሚያሳየው ቀላል ምርመራ ከጡንቻ ብዛትም ሆነ ከቆዳ ቀለም ጋር ጉዳይ የለውም። የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን በየዓመቱ እንዲያደርጉት የሚመከረውም እርሱ ነው።

የቆየ ወረቀት በእጁ ላለ ሰው

ከአሜሪካ ላቦራቶሪ የወጡ የቀድሞ ውጤቶች ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር አላቸው፤ አንዱ «ለአፍሪካ አሜሪካዊ»፣ ሌላው «ለሌሎች» ይላል። በአዲሱ ወረቀት ላይ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው። ሁለቱን አነጻጽሮ መደንገጥ የተለመደ ሆኗል። የ60 ዓመት ወንድ ክሬቲኒኑ 1.4 ሆኖ ቢቆይ፣ በቀድሞው ቀመር በ«አፍሪካ አሜሪካዊ» መስመር 63 ይነበብ የነበረው አቅሙ በአዲሱ 58 ገደማ ሆኖ ይነበባል። ከ60 በላይ የነበረ ቁጥር ከ60 በታች ወረደ፤ ኩላሊቱ ላይ ግን የሆነ ነገር የለም። ኩላሊቱ በእርግጥ እየደከመ መሆኑን ለማየት በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ያሉትን የክሬቲኒን ቁጥሮች ራሳቸውን ማስተያየት፣ ወይም የድሮውን ክሬቲኒን በአዲሱ ቀመር አስልቶ ከዛሬው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሐኪሙ በኮምፒውተሩ ላይ ይህን ለማስላት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።